መጀመሪያ «ማን ነው የሚያዳምጠው?» ብሎ የሚጠይቅ ሱቅ

ባሕር ዳር ውስጥ ሚሞሪ የሚጭን ሱቅ መፈለግ አያደክምም። በየመንገዱ አለ። ሚሞሪውን ትሰጣላችሁ፣ «መዝሙር» ወይ «ስብከት» ትላላችሁ፣ ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ጠቅ ጠቅ ያደርግና ሞልቶ ይመልስላችኋል። ሻይ እስክትጠጡ ያልቃል። እኔ የምጽፍላችሁ ግን ሦስት ቀን ስላስጠበቀኝ ሱቅ ነው። ሦስቱም ቀን አልቆጨኝም።

ሱቁ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አይርቅም። ጧፍ፣ ዕጣን፣ ነጠላና መቁጠሪያ ከሚሸጥባቸው በሮች አንዱ ነው። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ግድግዳው ላይ የጸሎት መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ ጥግ ላይ አሮጌ ኮምፒውተርና ሁለት የጆሮ ማዳመጫ አለ። የሚሠራው ዲያቆን ነው። «ስሜን አትጻፊ» ስላለኝ አልጽፍም። ቅኔ ቤት ዓመታት ቆይቶ እንደመጣ ነግሮኛል። ባይነግረኝም አነጋገሩ ያስታውቃል።

ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ።

እናቴ የምትኖረው ዘጌ ነው፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ፣ ቡናው ውስጥ። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ዘጌ በበሬ አትታረስም ይባላል፤ ሕዝቡ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። እናቴም በዚሁ ነው ያሳደገችን። ፊደል አልቆጠረችም። መጽሐፏ የዑራ ግድግዳ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ መሐል ላይ ያለው የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኗል። ልጅ ሳለሁ እጄን ይዛ ታዞረኝ ነበር። «ባለ ሁለት ዓይኑ ደግ ነው፣ ባለ አንድ ዓይኑ ክፉ ነው» ትለኝ ነበር። በድሮው አሣሣል ክፉዎቹ በጎን ስለሚሣሉ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ጻድቁን ከወንበዴው፣ ሰማዕቱን ከገዳዩ የለየሁት ከዚያ ግድግዳ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ግላኮማ እንዳለባት ታወቀ። ዘግይተን ነበር። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የሰው ልጅ ስቀበል ስውል የእናቴ ዓይን መድከሙን ልብ አላልኩም። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። የዓይን ሞራ ቢሆን ኖሮ በቀዶ ጥገና ማየት ትችል ነበር። ግላኮማ ግን የዓይንን ነርቭ ይጎዳል፤ አንዴ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። ጠብታው የሚሰጠው የቀረውን ለማቆየት ነው። ቀኝ ዓይኗ ጠፍቷል። በግራዋ ብርሃንና ጥላ ትለያለች፣ በር ላይ ሰው ሲቆም ታውቃለች። ሥዕሎቹን ግን ከእንግዲህ አታያቸውም።

ስለዚህ ድምፅ ልገዛላት ወሰንኩ። ሚሞሪ የሚቀበል ትንሽ ማጫወቻ አለ፤ ሬዲዮም ይይዛል። ስማርት ስልክ እሷ አትችልም። ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመባቸው ወራት ደግሞ ስልክ ላይ ስብከት የለመዱትም ሚሞሪ ፍለጋ ወጥተው ነበር። እኔም ያኔ ነው በዚህ ነገር እምነት የጣልኩት።

መጀመሪያ ያስጫንኩት ሌላ ቦታ ነው። የት እንደሆነ ይቅር። «ለእናቴ ነው፣ መንፈሳዊ ነገር ሙላልኝ» አልኩት፤ ሞላልኝ። ምን እንደሞላ ሳልሰማ ዘጌ ወሰድኩላት። በወሩ ስመለስ የዓይን ጠብታዋ እንዳለ ተቀምጧል። ካርቶኑ እንኳ አልተከፈተም። ለምን ብዬ ጠየቅኳት። ዝም አለች። ቆይታ፣ ቡና እየቆላች፣ «እምነቴ ጎድሎ ነው እንዴ የታወርኩት?» አለችኝ።

ማጫወቻውን ወስጄ ሌሊቱን ሙሉ አዳመጥኩ። አንድ ሰው ይጮኻል። ያልተፈወሰ ሰው ልቡን ይመርምር ይላል። መድኃኒት የሚወስድ እግዚአብሔርን አላመነም ይላል። መጨረሻው ላይ ብር የሚላክበት ስልክ ቁጥር ይነግራል። ያንን እናቴ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ በየቀኑ ሰምታዋለች። እኔ ነኝ የወሰድኩላት።

ሥራ ባልደረባዬ ናት ወደ ዲያቆኑ ሱቅ የላከችኝ።

ሚሞሪውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ የመጀመሪያ ጥያቄው «እህቴ፣ ማን ነው የሚያዳምጠው?» የሚል ነበር። እናቴ አልኩት። ስንት ዓመታቸው ነው? ማየት ይችላሉ? ግእዝ ይሰማሉ? የንስሐ አባታቸው ቤት ድረስ ይመጣሉ? ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይደርሳሉ? ማታ ነው ጠዋት የሚያዳምጡት? ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበር። አልቸኮለም። እየጠየቀ ደብተር ላይ ይጽፋል። እኛ ጤና ጣቢያ ካርድ ስንከፍት የምናደርገው ይህንኑ ነው። ሚሞሪ ለመጫን ግን እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም።

ያ የሚጮኸውን ሰው አሰማሁት። ሁለት ደቂቃ ሰማና የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ። «እናታችን ይህን ስንት ጊዜ ሰሙት?» አለኝ። ከዚያ ስለ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 አወራኝ። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ደቀ መዛሙርቱ ሲያዩት «ማን በደለ፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ጠየቁ። ጌታ እሱም አልበደለም፣ ወላጆቹም አልበደሉም አለ። «ከዚያ ምን አደረገ? ምራቁን እንትፍ ብሎ አፈር ለወሰ። በቃሉ ብቻ ማዳን አቅቶት ነው? አፈሩንም የፈጠረው እሱ ስለሆነ ነው እንጂ። ጠብታውም ከዚያው ከፍጥረቱ የተገኘ ነው» አለኝ።

ለእናቴ የተጫነው የመጀመሪያው ፋይል ይህ ምዕራፍ ነው። ንባቡ በአማርኛ፣ ቀጥሎ ትርጓሜው፤ አንድም እያለ የሚሄደው የሊቃውንቱ ትርጓሜ። ሁለተኛው ከመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ነው። ሲራክ ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ ነው። ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ሃያ ዓመት ጤና ላይ ስሠራ ይህን ምዕራፍ አንድ ሰባኪ ሲያስተምርበት ሰምቼ አላውቅም። በየጸበሉ ደጅ ቢነበብ ስንት ሰው መድኃኒቱን ባላቋረጠ ነበር።

ከዚያ «ከዑራ ሥዕሎች የትኛውን ይወዱ ነበር?» አለኝ። ይህን ጥያቄ አልጠበቅኩትም። በላዔ ሰብእ አልኩት። ታሪኩን ከተአምረ ማርያም የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ 78 ነፍስ የበላው ሰው፣ በመጨረሻ ለአንድ ለተጠማ ድሃ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ የሰጠው። ሲሞት ነፍሱ በተመዘነችበት ሚዛን ላይ ያ ጥርኝ ውኃ መዘነ። እናቴ ከሥዕሎቹ ሁሉ እሱ ጋ ነበር የምትቆመው። ዲያቆኑ ንባቡን ጫነላት፤ በላዩም አንድ አባት የሰጡትን ትምህርት ጨመረ። ትምህርቱ ታሪኩን የኃጢአት ፈቃድ አድርጎ አይወስደውም። በማቴዎስ ወንጌል ለታናናሾቹ ስለሚሰጠው የቀዝቃዛ ውኃ ጽዋ ከተነገረው ጋር አያይዞ፣ እግዚአብሔር የምሕረትን ሥራ ትንሽ ብሎ እንደማይንቅ ያስረዳል።

እንግዲህ ሦስት ቀን የፈጀው ለምን መሰላችሁ? እናቴ የፋይል ስም አታነብም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፊት የራሱን ድምፅ ቀድቶ አስገባበት። «እማማ፣ ይህ ስለ ዕውሩ ሰው ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይሆናል።» «እማማ፣ ይህ የጽጌ ማኅሌት ነው።» ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ዘመነ ጽጌ ኅዳር 5 ስለሚያልቅ ማኅሌቱን ከፊት አደረገው። በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ ሥራው ቆመ። ተናድጄ ነበር፤ የዘጌ ጀልባ አመለጠኝ። በሦስተኛው ቀን ስመጣ ማጫወቻውን ጧፍ አብርቶ እየሠራበት አገኘሁት። የማስጀመሪያዋ ቁልፍ ላይ ሰም እያንጠባጠበ ነው። ሲደርቅ ጉብ አለች። እናቴ በጣቷ እንድታገኛት ነው።

ዋጋውን ልንገራችሁ። ማጫወቻው 1,400 ብር ነው፤ ሚሞሪው 650። የመጫኛው 150 ብር ብቻ። ለሦስት ቀን ሥራ ያንሳል ብዬ ልጨምር ስል እንቢ አለ። እኔ ከዘጌ ቡና አመጣሁለት።

አሁን ያልወደድኩትን ልጻፍ።

ሰሟ በአንድ ወር ተላቀቀች። ዘጌ ይሞቃል፣ እናቴም ማጫወቻውን ምድጃው አጠገብ ታስቀምጣለች። እኔ በኋላ የሸሚዝ ቁልፍ በማጣበቂያ ለጠፍኩበት፤ ያ አልወለቀም። ዲያቆኑንም እንዲህ አድርግ ብዬዋለሁ። ማጫወቻው ሲጠፋና ሲበራ የት እንደቆመ ይረሳል፤ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይነሳል። ለሽማግሌና ለዕውር ይህ ትልቅ ችግር ነው፤ የተሻለ ዕቃ ማስመጣት አለበት። አንዱ ትምህርት ደግሞ ጉባኤ ላይ በድምፅ ማጉያ የተቀዳ ነው። ይጮኻል፣ ያስተጋባል፣ ቃሉ አይለይም። ስነግረው ያለ ክፍያ ቀየረልኝ።

ሌላው የሴት ድምፅ ማጣቱ ነው። መዝሙሮቹ ላይ እህቶች አሉ። ትምህርቱ ላይ ግን አንድም ሴት የለችም። እናቴ ራሷ ናት የጠየቀችው፦ «እኔን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ሴቶቹ የት ሄዱ?» አለች። ለዲያቆኑ አደረስኩለት። አንገቱን ደፍቶ አሰበ። ገዳም ያሉ እናቶች ቅዱሳት አንስትን የሚተርኩበት ቅጂ እፈልጋለሁ አለኝ። እስካሁን አላገኘም።

የመዝሙሩ ጉዳይም አለ። ዘማሪዎቹ የደከሙበትን በነፃ መገልበጥ ትክክል አይደለም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ቆይቷል፤ በየሱቁ ግን የሚያስታውሰው የለም። ይህ ዲያቆን አዲስ የወጣ መዝሙር አይገለብጥም። ኦሪጅናሉን ግዙ ብሎ ያሳያል። ሕዝቡ ተቆጥቶ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለ አሮጌዎቹ ስጠይቀው ግን መልሱ አልጠራልኝም።

አንድ ትልቅ ጥያቄ ደግሞ ለራሱ አቅርቤለት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት ላይ ማንም ተነስቶ አይሰብክም። አስተዳዳሪው ይፈቅዳሉ፣ ተጠያቂው ይታወቃል። ሚሞሪ ግን በር የለውም። ማንም ስልክ ይዞ የተናገረው የዘጌ አሮጊት ጆሮ ውስጥ ይገባል። «አንተን ታዲያ ማን ሾመህ?» አልኩት። አልተቀየመም። «ማንም አልሾመኝም። ለዚህ ነው የምፈራው» አለ። ያልገባውን መምህሩ ጋ ደውሎ ይጠይቃል። ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትን የሚሰድብ ስብከት አይጭንም፤ የተዋሕዶን ትምህርት ግን ሳያድበሰብስ የሚያስረዳ ይጭናል። ሁለቱን ይለያል። ብዙ ሰባኪ የማይለየው ይህን ነው።

እኔ ግን ሸክሙ የአንድ ባለሱቅ መሆን የለበትም እላለሁ። አጥቢያዎች ሰንበት ትምህርት ቤት አላቸው፣ መምህራን አሏቸው፣ ኮምፒውተር የሚችሉ ልጆች አሏቸው። ከአልጋ የማይነሱትን፣ የማያዩትን ምእመናን በስም ያውቃሉ። ለእያንዳንዳቸው እንዲህ አስቦ ጭኖ ቤታቸው ማድረስ ስንት ገንዘብ ይፈጃል? ለአዲስ የድምፅ ማጉያ መዋጮ ስንሰበስብ ድምፁ የማይደርሳቸውን ማሰብ ነበረብን።

ሁለተኛ ጊዜ የሄድኩት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። ይህኛው ጭነት ከመጀመሪያውም ይበልጣል። በየሳምንቱ ከፍሎ አስቀመጠው፤ ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና። ቅዱስ ያሬድ ለየሰንበቱ በሰጠው ስም እየጠራ የዕለቱን ወንጌልና አጭር ትምህርት አስከተለበት። መጻጉዕ ላይ ሲደርስ ያ 38 ዓመት በአልጋ የተኛው ሰው «ሰው የለኝም» ያለበት አለ። ዲያቆኑ በመግቢያው ላይ «እማማ፣ ይህን ከጎረቤት ጋር ሆነው ይስሙት» ብሎ ቀድቶበታል። እናቴ እንደተባለችው አደረገች። ሦስት ሴቶች ጠራች፤ ቡና ተፈላ። ከዚያ ወዲህ እሑድ ከሰዓት እሷ ቤት መሰብሰብ ልማድ ሆኗል። አንዷ ልጇ ከቤት ከወጣ ወዲህ እንጀራ ብቻዋን እንደምትበላ ያን ቀን ነው ያወራችው። በማግስቱ ከእናቴ ጋር በላች።

ቅዳሴውን መጨረሻ ላይ ለብቻ ነው ያስቀመጠው። ይህንንም አስረዳኝ። ቅዳሴ ለመማር ይሰማል፤ በማጫወቻ ተሰምቶ ግን ተቀደሰ አይባልም። ለቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። ሕዝቡም ተሰጥዖውን ይመልሳል። ሥጋውና ደሙ ደግሞ በድምፅ አይመጣም። «እናታችን በዚህ ረክተው ቤት ከቀሩ እኔ በድያቸዋለሁ» አለኝ። የሚሸጠው ዕቃ የማይሠራውን ነገር እንዲህ ቁልጭ አድርጎ የሚናገር ነጋዴ አላየሁም።

እናቴ ቅዳሴውን ስትሰማ ትቆማለች። በቅጂው ላይ የሚቀድሰው ዲያቆን «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ግድግዳውን ይዛ ትነሳለች፤ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ብላ ትመልሳለች። ድሮ ከሕዝቡ ጋር ታጉረመርመው የነበረውን አሁን አጥርታ ትለዋለች። ጥቂት ሳምንት እንደሰማች «ዑራ ውሰዱኝ» አለች። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ በሰው ላይ ሸክም እሆናለሁ ብላ ቀርታ ነበር።

የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ዕለት እኔ ወሰድኳት። በዱላዋና በክንዴ፣ በቡናው መካከል ባለው ድንጋያማ መንገድ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሲቀንስ ሥዕሎቹ ወዳሉበት ገባን። በላዔ ሰብእ ጋ አቆምኳት። ግድግዳው እንዳይነካ እጇን ያዝኩት። «እዚህ ጋ ነው?» አለች። አዎ አልኳት። ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችኝ፤ ዲያቆኑ በጫነላት ቃል። አንዲት የቱሪስት ቡድን የያዘች ልጅ ቆማ አዳመጠቻት።

ጠብታውን ጠዋትና ማታ ታደርጋለች። ካርቶኑን የምቆጥረው እኔ ነኝ።

ሱቁ ጋ መሄድ የምትፈልጉ፣ በበዓላት ዋዜማ አትሂዱ፤ ለጧፍና ለነጠላ ሰው ስለሚበዛ ዲያቆኑ ማውራት አይችልም። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ጥሩ ነው። ለሕመምተኛ ከሆነ ስለ ሰውየው በደንብ አስባችሁ ሂዱ፤ ይጠይቃችኋል። ዛሬውኑ ልውሰድ አትበሉት። እኔ ለጰራቅሊጦስ የሚሆነውን አስቀድሜ አዝዣለሁ። እናቴም «እማማ» እያለ የሚያወራው ልጅ ዘጌ መጥቶ ቡና እንዲጠጣ ጥሪዬን አድርሺልኝ ብላኛለች። ድምፁን ታውቀዋለች። በጀልባው የመጀመሪያ ጉዞ ይመጣል።